አንድ ስክሪን፣ አራት ጀግና፦ ለጌም ቦይ አድቫንስ ጌም ስንሠራ

ብዙ ልዕለ ኃያል ጀግና ያለበት ጌም ለመሥራት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሥዕሉ ነው። አራት ልብስ ይሥላል፣ አራት ጭንብል፣ አራት ቀለም። ከዚያ አራቱም እኩል ይሮጣሉ፣ እኩል ይዘላሉ፣ እኩል ይማታሉ። ተጫዋቹም ብዙ ሳይቆይ ዓይኑ የወደደውን አንዱን ይዞ ሌሎቹን ይረሳቸዋል። ጀግና ከጀግና የሚለየው በቁጥሩ ነው፤ በአንድ ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ አንድ ጊዜ በሚታደስበት ቅጽበት፣ ስንት ፒክሰል ይሄዳል፣ ሲዘል ምን ያህል ይወጣል፣ ቡጢ ሰንዝሮ እጁ እስኪመለስ ስንት ፍሬም ይፈጅበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ብዙ ቁጥር አለ። ካልኩሌተር አጠገባችሁ ይኑር።

ማሽኑ ጌም ቦይ አድቫንስ፣ የኒንቴንዶ በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው፣ ወደ ጎን እየተንሸራተቱ ለሚሄዱ ጌሞች እስከ ዛሬ የሚስማማው። በዚያው ዓመት ኤክስ-ሜን፦ ሬይን ኦፍ አፖካሊፕስ የተባለው ጌም ዎልቨሪንን፣ ሳይክሎፕስን፣ ስቶርምንና ሮግን በዚህች ስክሪን ላይ አሰልፏል። እዚያ ጀግናህን መርጠህ ትገባለህ፣ ከዚያ መንገዱን ሁሉ እየተደባደብክ ትሄዳለህ። ሌላው መንገድ የሎስት ቫይኪንግስ ነው፤ በ1993 በሱፐር ኒንቴንዶ ወጥቶ በ2003 ወደ አድቫንስ መጣ። የልዕለ ኃያላን ጌም አይደለም፣ ግን ትምህርቱ ለእኛ ትልቅ ነው። አንዱ ይሮጣል ይዘላል፣ አንዱ በሰይፍና በቀስት ይዋጋል፣ አንዱ በጋሻው ይከላከላል፤ ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ ይቀያይራቸዋል፣ ሦስቱም በሕይወት መውጫው ካልደረሱ ደረጃው አያልፍም። እኔ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጀግናን መሃል መንገድ ላይ መቀየር ከተቻለ እያንዳንዱ ጉድጓድና ግድግዳ ጥያቄ ይሆናል፦ «ይህን የሚያልፈው ማነው?»

ስክሪኑ 240 በ160 ፒክሰል ነው። በሴኮንድ 59.73 ጊዜ ይታደሳል፤ ለስሌት 60 ብሎ መያዝ ይበቃል። ፕሮሰሰሩ በ16.78 ሜጋኸርዝ ይሄዳል። ፈጣኑ ሜሞሪ 32 ኪሎባይት፣ ዘገምተኛው 256 ኪሎባይት፣ የሥዕሉ 96 ኪሎባይት ነው። ከሥዕሉ ውስጥ ለስፕራይት፣ ማለትም ከጀርባው ትዕይንት ተለይተው ለሚንቀሳቀሱት ምስሎች፣ የተመደበው 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። በነጥብ ያለ ቁጥር የሚያሰላ ክፍል የለውም። ማካፈል እንኳ በሃርድዌሩ ውስጥ የለም።

ለመሥሪያ ዴቭኪትአርም ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚቀይረው፣ ነው። በሲ ቋንቋ ለሚጽፍ ሊብቶንክ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚጽፍ ቡታኖ ከላዩ ይጫናል። ለመሞከሪያ ኤምጂቢኤ የሚባለው ኢሙሌተር፣ ማለትም ማሽኑን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም፣ ከሁሉም ይሻላል፤ ታይሎቹን (ትዕይንቱ የሚገጣጠምባቸውን ትንንሽ የሥዕል ካሬዎች)፣ ስፕራይቶቹን፣ ፓሌቱን (የቀለም ዝርዝሩን) እና ሜሞሪውን ጌሙ እየሄደ ከፍቶ ያሳያል። አራት ጀግኖች ሜሞሪ ላይ ሲጋፉ ችግሩ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ መስኮት ውስጥ ነው። አንድ ነገር ቀድመው ይወስኑ፦ የሌላ ሰው ጀግና አይጠቀሙ። ከታወቁት ጀግኖች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው፣ ጌሙ በነፃ ቢለቀቅም ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። እዚህ ለምሳሌ የምጠቀምባቸው አራቱ ሚዳቋ፣ ዝሆን፣ አሞራና ጉሬዛ ናቸው። ሚዳቋ ትሮጣለች። ዝሆን ግድግዳ ይደረምሳል። አሞራ ይንሳፈፋል። ጉሬዛ ግድግዳ ላይ ትጣበቃለች።

ቁጥሩን ከዝላይ እንጀምር

የዝላይ ከፍታ የሚገኘው የመነሻ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በስበቱ እጥፍ በማካፈል ነው። መነሻው በፍሬም 4.5 ፒክሰል፣ ስበቱ 0.25 ከሆነ 20.25 ለ0.5 ሲካፈል 40.5 ፒክሰል ይወጣል። ለመውጣት 18 ፍሬም፣ ለመውረድ 18 ፍሬም፣ በድምሩ 36 ፍሬም ወይም 0.6 ሴኮንድ አየር ላይ ይቆያል ማለት ነው። ለሚዳቋ፣ ለአሞራና ለጉሬዛ ይህንኑ እንስጣቸው። ለዝሆን መነሻውን 3.5 ብናደርግ 24.5 ፒክሰል ይወጣል፣ አየር ላይ የሚቆየው 28 ፍሬም ነው። ብሎኮቹ 16 በ16 ከሆኑ ሦስቱ ሁለት ብሎክ ይወጣሉ፣ ዝሆን አንድ ብቻ። ሁለት ብሎክ ከፍታ ያለው ግድግዳ ዝሆንን የሚያስቆም መቆለፊያ ሆነ ማለት ነው፤ አንድ መስመር ተጨማሪ ኮድ አላስፈለገም።

ርዝመቱ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዝሆን በፍሬም 1.25 ፒክሰል ቢሄድ በ28 ፍሬም 35 ፒክሰል ይሻገራል። በወረቀት ላይ ሁለት ብሎክ ነው፣ ማለትም 32 ፒክሰል። ስለዚህ ሦስት ብሎክ የሆነ ጉድጓድ፣ 48 ፒክሰል፣ አይሻገርም ብሎ ደረጃውን መገንባት ይጀመራል። ጌሙ ሲሞከር ዝሆን ጉድጓዱን ዘሎ ያልፋል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ የአካል ሳጥኑ፣ ማለትም ጌሙ ግጭትን የሚለካበት የማይታይ ሳጥን፣ 12 ፒክሰል ስፋት አለው፤ ሲነሳ የሳጥኑ የኋላ ጫፍ ገና መሬት ላይ ነው፣ ሲያርፍ የፊቱ ጫፍ ቢነካ ይበቃዋል። 35 ላይ 12 ሲደመር 47 ሆነ። ሁለተኛ ጥሩ ጌም ሁሉ ተጫዋቹ ከጠርዙ ካለፈ በኋላም ለጥቂት ፍሬም እንዲዘል ይፈቅድለታል፤ ይህ ይቅርታ ከሌለ «ቁልፉን ተጭኜ ነበር!» የሚል ቁጣ ይመጣል። 4 ፍሬም ከፈቀድን 5 ፒክሰል ይጨመራል፣ 52 ደረሰ። 48ቱ ታለፈ።

ስለዚህ የዝሆንን ሩጫ ወደ 1 ፒክሰል አውርዱት። 28 ሲደመር 12 ሲደመር 4፣ 44 ፒክሰል፤ ሁለት ብሎክ ብቻ። ጉሬዛ በ1.5 ስትሄድ 54፣ 12 እና 6 ተደምሮ 72፤ አራት ብሎክ። ሚዳቋ በ2.25፣ 81፣ 12 እና 9 ተደምሮ 102፤ ስድስት ብሎክ። አሞራ በ1.5 ነው የሚሄደው፣ ግን የመዝለያው ቁልፍ ተይዞ ከቆየ ሲወርድ ከ0.75 በላይ አይፈጥንም። ሲወጣ በ18 ፍሬም 27 ፒክሰል ይሄዳል፣ 40.5 ፒክሰሉን ለመውረድ 54 ፍሬም ይፈጅበትና 81 ይጨምራል። 108፣ 12 እና 6፣ 126፤ ሰባት ብሎክ። ይህችን የሁለት፣ የአራት፣ የስድስት፣ የሰባት መሰላል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ደረጃ የሚሠራው ሰው ከዚህ ውጭ አንድ ጉድጓድ እንዳይቆፍር። የሩጫ ፍጥነት ወይም ስበት ከተነካ ደግሞ ወረቀቱ ከመጀመሪያው ይሰላል፣ የተሠሩት ደረጃዎችም ተመልሰው ይሞከራሉ።

ሚዳቋ ፈጣን መሆኗ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ስክሪኑ ትንሽ ነው። መሃል ላይ ከቆመች ከፊቷ የሚታየው 120 ፒክሰል ብቻ ነው። በፍሬም 1 ፒክሰል እየመጣ ያለ ጠላት ቢገጥማት ሁለቱ በ3.25 ይቀራረባሉ፤ 37 ፍሬም፣ 0.6 ሴኮንድ ገደማ። ሰው አይቶ፣ ወስኖ፣ ቁልፍ እስኪጫን ጊዜው ያልቃል። ካሜራው ወደምትሮጥበት አቅጣጫ ቀድሞ፣ እሷ ከኋላው ጠርዝ 80 ፒክሰል ላይ ከሆነች ከፊቷ 160 ይታያል፣ ጊዜው ወደ 0.8 ሴኮንድ ከፍ ይላል። ካሜራው ግን ዞር ባለች ቁጥር አብሮ አይወርወር። 16 ፍሬም ያህል በአንድ አቅጣጫ ከሮጠች በኋላ ይነሳ፣ ቦታውን ሲያስተካክልም ከሩጫዋ ላይ በፍሬም ከ2 ፒክሰል በላይ አይጨምር። ጀግና ሲቀየርም እንዲሁ ነው። የዝሆን ካሜራና የሚዳቋ ካሜራ የተለያየ ቦታ ላይ ከሆኑ፣ በቅያሪው ቅጽበት ትዕይንቱ 40 ፒክሰል ዘልሎ ተጫዋቹን ያሳክረዋል።

ወደ ቀኝ ብቻ የሚንሸራተት ጀግና

0.25 የሚባል ቁጥር ማሽኑ አያውቅም ብለናል። መፍትሔው ቁጥሩን ሁሉ በ256 አባዝቶ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። 4.5 ማለት 1152፣ 0.25 ማለት 64፣ 2.25 ማለት 576፣ 0.75 ማለት 192 ይሆናል። ለመሳል ሲፈለግ ቢቶቹን ስምንት ቦታ ወደ ቀኝ መግፋት ነው፣ ይህም በ256 እንደ ማካፈል ነው፤ ፒክሰሉ ይገኛል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት አለ፣ ሁለቱም ብዙ ሰው የሚያዞሩ።

የመጀመሪያው ፍጥነቱን ቀድሞ ገፍቶ ከቦታው ጋር መደመር ነው። የጉሬዛ 1.5 ማለት 384 ነው፤ ሲገፋ 1 ይሆናል። ወደ ግራ ስትሄድ ግን ከዜሮ በታች 384 ነው፣ ሲገፋ ወደ ታች ስለሚጠጋ ከዜሮ በታች 2 ይሆናል። ወደ ቀኝ በ1፣ ወደ ግራ በ2 ትሮጣለች፤ በእጥፍ! ቦታውም በ256 ተባዝቶ ይቀመጥ፣ መግፋቱ ለሥዕል ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ሰበቃ ላይ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ጀግናው ቀስ ብሎ እንዲቆም በየፍሬሙ ከፍጥነቱ አንድ ስምንተኛ ይቀነሳል፤ ይህም ቢቱን ሦስት ቦታ መግፋት ነው። ፍጥነቱ 7 ላይ ሲደርስ አንድ ስምንተኛው 0 ይሆናል፣ ስለዚህ ምንም አይቀነስም። 7 ለዘላለም 7 ሆኖ ይቀራል። 7 ለ256 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ በሴኮንድ 1.6 ፒክሰል ነው። ተጫዋቹ ማሽኑን አስቀምጦ ቡና ቀድቶ ሲመለስ ጀግናው በገዛ እጁ ገደል ገብቷል። ወደ ግራ ሲሆን ግን መጠጋቱ ወደ ታች ስለሆነ ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ችግሩ አንድ ቀን ይታያል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፣ ፈላጊውን ያደክማል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ናት፦ ፍጥነቱ በየትኛውም አቅጣጫ ከ16 ካነሰ ዜሮ አድርገው።

የመውደቅ ፍጥነትም ጣሪያ ይኑረው፤ 6 ፒክሰል በቂ ነው። 8 ፒክሰል ውፍረት ያለው ቀጭን መቆሚያ ካለ በፍሬም 9 የሚወርድ ጀግና ሳይነካው ሊያልፈው ይችላል።

አራቱን ሜሞሪ ውስጥ ማስገባት

ለአንድ ጀግና የሚያስፈልገውን ሥዕል እንቁጠር። መቆም 4፣ መሮጥ 8፣ መዝለል 3፣ መውደቅ 2፣ ሦስት ተከታታይ ምት በ5 በ5 ሥዕል 15፣ ልዩ ኃይል 8፣ መመታት 2፣ መሞት 5፣ ሲቀየር መግባት 6፣ መውጣት 4። ድምሩ 57 ነው። እጁን ሲዘረጋ እንዳይቆረጥ 64 በ64 የሆነ ስፕራይት ይወስዳል። በ16 ቀለም አንዱ ሥዕል 2048 ባይት ነው። 57ቱ 114 ኪሎባይት፣ አራቱ ጀግኖች 456 ኪሎባይት። ጌሙ ያለበት ካሴት እስከ 32 ሜጋባይት ስለሚይዝ እዚያ ችግር የለም። የስፕራይቱ ሜሞሪ ግን 32 ኪሎባይት ነው፤ የአንዱን ጀግና ሩብ ያህል እንኳ ከያዘ ለጠላት፣ ለጥይትና ለፍንዳታ ምንም አይተርፍም።

ስለዚህ ጀግናው ሜሞሪ ውስጥ አንዲት የ2048 ባይት መኝታ ብቻ ይሰጠዋል፤ ለቅያሪው ቅጽበት ሁለተኛ መኝታ ይጨመር። ሥዕሉ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ከካሴቱ በቀጥታ በዲኤምኤ፣ ሜሞሪን በፍጥነት በሚገለብጠው የማሽኑ ክፍል፣ ይገለበጣል። መገልበጫው ሰዓት ስክሪኑ 160ኛ መስመሩን ሥሎ ወደ ላይ እስኪመለስ ያለው እረፍት ነው፤ 68 መስመር፣ 83,776 ሳይክል (የፕሮሰሰሩ ምት)። ቅጂው እንደ ካሴቱ ፍጥነት ከ3 እስከ 4 ሺህ ሳይክል ይፈጃል፣ ከበቂ በላይ ነው። ከእረፍቱ ውጭ ከተገለበጠ ግን የጀግናው ጭንቅላት ከአንዱ ሥዕል፣ እግሩ ከሌላው ሆኖ ለአንድ ፍሬም ይታያል። ዓይን «የሆነ ነገር ተንቀጠቀጠ» ይላል፣ ምን እንደሆነ አይለይም። ኤምጂቢኤ ላይ ፍሬም በፍሬም እያስቆሙ ሲያዩት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ቅጂው ባይት በባይት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ይህ ማሽን የሥዕል ሜሞሪ ላይ ነጠላ ባይት በደንብ አይቀበልም። የጀርባው ትዕይንት ላይ ከጻፉት ጎረቤቱ ላይም ይደግመዋል፣ የስፕራይቱ ላይ ከጻፉት ጭራሽ አይገባም። ተራ የመገልበጫ ፈንክሽን ባይት በባይት ሊጽፍ ስለሚችል ጀግናው ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውም ሥዕሉን ሲጠራጠር ይውላል።

128 ስፕራይት ይቻላል ሲባልም በአንድ መስመር ላይ አይደለም። በአንድ አግድም መስመር ማሽኑ ለስፕራይት ያለው ጊዜ 1210 ሳይክል ነው፤ ተራ ስፕራይት በስፋቱ ልክ ይበላል። 64 ስፋት ያለው 64 ሳይክል፣ ስለዚህ 18 ጎን ለጎን ይቻላል። የሚሽከረከር ወይም የሚያድግ ከሆነ ግን የስፋቱን እጥፍና 10 ይበላል፤ ሲሽከረከር ጠርዙ እንዳይቆረጥ ቦታው ወደ 128 ከተሰፋ አንዱ ብቻ 266 ነው። አራት እንዲህ ያለ ፍንዳታ በአንድ ከፍታ ላይ ከተነሳ 1064 አለቀ። ከዚያ በኋላ ተራቸው የደረሰ ስፕራይቶች በዚያ መስመር ላይ ይጠፋሉ። የሚጠፋው በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ስለሆነ ጀግናው ሁልጊዜ ቁጥር 0 ላይ ይቀመጥ። ጭስ ቢጠፋ ማንም አያዝንም።

ቀለሙን በአጭሩ፦ ለስፕራይት 16 ፓሌት አለ፣ እያንዳንዱ 16 ቀለም ያለው፣ የመጀመሪያው ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ የሚሳልበት 15 ነው። 0ኛውን ለጀግናው፣ 1ኛውን ለሚገባው ጀግና፣ 15ኛውን ሙሉ ነጭ አድርጉት። ጠላት ሲመታ ለ4 ፍሬም ወደ 15ኛው ይዛወርና ብልጭ ይላል። የጠላቱን ፓሌት ራሱን ነጭ የሚያደርግ ኮድ ከጻፋችሁ አንዱ ሲመታ ዘመዶቹ ሁሉ ብልጭ ይላሉ።

መቀየር

ቁልፉ ትንሽ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ኤል፣ አር፣ ስታርት፣ ሴሌክትና አቅጣጫ። ኤ መዝለያ፣ ቢ መምቻ፣ አር ልዩ ኃይል ይሁኑ። ኤል ለቅያሪ። ኤልን ከ12 ፍሬም ባነሰ ጊዜ ነክቶ መልቀቅ ወደ ቀጣዩ ጀግና ይሂድ፤ ኤልን ይዞ አቅጣጫ መጫን ደግሞ የተፈለገውን በቀጥታ ይጥራ፣ አራት አቅጣጫ ለአራት ጀግና። ልምድ ያለው ተጫዋች በሁለተኛው መንገድ ዓይኑን ሳይነቅል ይቀያይራል። ኤ እና ቢን አንድ ላይ የሚጠይቅ ነገር አታስገቡ። አውራ ጣት አንድ ነው፤ አንዱን ቀድሞ ይነካና ያልታሰበ ዝላይ ይወጣል።

የቁልፉ ሬጅስተር፣ ማለትም የቁልፎቹ ሁኔታ የሚነበብበት ቦታ፣ ሲጫኑት 0፣ ሲለቁት 1 ነው የሚሰጠው። መገልበጡን የረሳ ሰው ጌሙ ሲከፈት ሁሉም ቁልፍ የተጫነ ሆኖ ያገኘዋል።

አሁን ዋናው ጣጣ። ጉሬዛ ትንሽ ናት፣ ዝሆን ትልቅ። ጉሬዛ ዝቅ ያለ ዋሻ ውስጥ ሾልካ ገብታ ተጫዋቹ ወደ ዝሆን ቢቀይር ዝሆን ኮርኒሱ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ወይም የግጭት ኮዱ ወደ ውጭ ሊገፋው ሲሞክር በግድግዳው ማዶ ይተፋዋል። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ከመቀየሩ በፊት አዲሱ ሳጥን በቦታው መግባቱን ፈትሾ ካልገባ መከልከል ነው። ሌላው የአራቱንም የአካል ሳጥን አንድ ማድረግ ነው፤ 12 በ28፣ ሥዕሉ ብቻ ይለያይ። ሁለተኛውን እመክራለሁ። ዝሆን ትከሻው ከሳጥኑ ወጥቶ ቢሳል ተጫዋቹ ቅር አይለውም፣ «መቀየር አይቻልም» የሚል ድምፅ በየጥጉ ሲሰማ ግን ይሰለቻል። መለኪያው ሁልጊዜ ከእግር መሃል ይጀምር፣ ከግራ የላይኛው ጥግ ከሆነ ጀግናው በተቀየረ ቁጥር ይዘላል።

አየር ላይ መቀየር ይፈቀድ፤ ደስታው እዚያ ነው። ሚዳቋ ተንደርድራ ትዘላለች፣ አየር ላይ አሞራ ሆና ፍጥነቷን ይዛ ትንሳፈፋለች። ግን ይህ ቅያሪ ያሰላነውን መሰላል ያፈርሳል፤ 2.25ቱ ለአሞራ ከተላለፈ ሰባት ብሎክ የነበረው ከአሥር ያልፋል። ስለዚህ ይወሰን፦ ወይ ፍጥነቱ ወደ አዲሱ ጀግና ጣሪያ በ8 ፍሬም ውስጥ ይውረድ፣ ወይ ይተውና ሰፊዎቹ ጉድጓዶች በዚያ ልክ ይሠሩ። እኔ የሚተውበትን እወዳለሁ፤ ተጫዋቹ ራሱ ያገኘው ብልሃት ይሆንለታል። ሌላ ቀዳዳም አለ። የጉሬዛ የግድግዳ ዝላይ በአንድ መውጣት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነና ቆጣሪው በጉሬዛ ላይ ከተቀመጠ፣ ወደ ሌላ ቀይሮ ሲመለስ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፤ ተጫዋቹ እየቀያየረ እስከ ሰማይ ይወጣል። የዝላይ ቆጣሪዎች ሁሉ የቡድኑ ናቸው፣ ዜሮ የሚሆኑት እግር መሬት ሲነካ ብቻ ነው።

ጉልበትስ? ለየራሳቸው ከሆነ ተጫዋቹ ደካማውን ጀግና እንደ ዕቃ ያስቀምጠዋል። የጋራ ከሆነ መቀየር ከአደጋ ማምለጫ አይሆንም። ለየራሳቸው ይሁንና የሚጠብቁት ቀስ ብለው ያገግሙ፤ በየ240 ፍሬሙ አንድ ነጥብ፣ እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ። ያኔ ተጫዋቹ ሳይገደድ ይቀያይራል።

ከዚህ ጋር የሎስት ቫይኪንግስን ነገር አስቡት። አንዱ ከሞተና ቀጣዩን በር የሚከፍተው እሱ ከሆነ መንገዱ ሞቷል። እዚያ ሕጉ ግልጽ ስለሆነ ደረጃውን እንደገና መጀመር ነው። በድብድብ ጌም ግን ተጫዋቹ ሳያውቀው ሩብ ሰዓት ሲዞር ሊቆይ ይችላል። ሕጉ ይህ ይሁን፦ ዝሆን የሚደረምሰው ግድግዳ ወደ ኋላ መመለስ ከማይቻልበት መውረጃ በኋላ ከመጣ፣ በመሃሉ ሁሉንም የሚያስነሳ ማረፊያ ይኑር።

ስለ ምቱ አንድ ነገር ብቻ። በ160 ፒክሰል ከፍታ ላይ ቡጢ ጥቂት ፒክሰል ናት፤ ክብደቷን ዓይን አይቶ አያምንም። ስለዚህ ምቱ ሲያርፍ መቺውም ተመቺውም ባሉበት ለጥቂት ፍሬም ይድረቁ፤ ለሚዳቋ 3፣ ለዝሆን 8። የሚዳቋ ምት 3 ፍሬም ተዘጋጅቶ፣ 2 ፍሬም መትቶ፣ 6 ፍሬም ይመለስ፤ የዝሆን 10፣ 4 እና 16። ሲደርቁ የሚጫኑት ቁልፍ እንዳይጠፋ የመጨረሻው ቁልፍ ለ8 ፍሬም ይታወስ፤ ይህ ከሌለ ሦስተኛው ተከታታይ ምት እየቀረ ተጫዋቹ ቁልፉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ንግግሩን በፊደላችን መጻፍ

የተለመደው የዚህ ማሽን ፊደል 8 በ8 ፒክሰል ነው። ለላቲን ይበቃል፣ ለግዕዝ ፊደል ግን አይበቃም። «ሚ» እና «ማ»፣ «ጸ» እና «ጰ» በ8 ፒክሰል ውስጥ ይደባለቃሉ። 16 በ16 ያስፈልጋል፤ በመስመር 15 ፊደል ማለት ነው። አንዱ ፊደል በ16 ቀለም 128 ባይት፣ የ33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ቤት 231 ሲሆን 29 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። በካሴቱ ውስጥ ምንም አይደለም። በሁለት መስመር ንግግር የሚታዩት ቢበዛ 30 ፊደል ስለሆኑ ሜሞሪ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ብቻ ናቸው፣ 3840 ባይት።

በዩኒኮድ ፊደላችን ከ4608 እስከ 4991 ነው። ከፊደሉ ቁጥር 4608 ሲቀነስ የሚገኘው በቀጥታ የሥዕሉ ተራ ቁጥር እንዲሆን አድርጉ። አንድ ረድፍ ስምንት ቦታ ስላለው ሰባት ብሎ የቆጠረ ሰው ከሁለተኛው ፊደል ጀምሮ ይንሸራተትበታል፤ «ሐ» ሲጠብቅ ሌላ ይመጣል። በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፉ በፋይል ውስጥ በሚቀመጥበት አሠራር) አንዱ ፊደል ሦስት ባይት መሆኑንም አትርሱ፣ ካልሆነ ጽሑፉ መሃል ፊደል ላይ ይቆረጣል። ቃል ደግሞ 15 ፊደል በሆነ መስመር ላይ ቶሎ አይገባም። «እንዳልተሸነፍክላቸው» የሚለው ብቻ 12 ቦታ ይወስዳል። የጀግኖቹ ንግግር አጭር ይሁን፤ «ያዘው!»፣ «ወደ ላይ!»፣ «ዝሆን፣ ተራህ ነው።»

በእውነተኛው ማሽን ላይ

ኢሙሌተር ብዙ ይቅር ይላል። የካሴቱ መጀመሪያ ላይ ያለው መረጃ ትክክል ካልሆነ ኢሙሌተሩ ያስነሳዋል፣ ማሽኑ ግን አያስነሳውም፤ ጂቢኤፊክስ የሚባለው መሣሪያ ከኮምፓይል በኋላ ያስተካክለዋል። የሚቀመጠው መረጃ፣ የትኛው ጀግና እንደተከፈተና የት እንደተደረሰ፣ በኤስራም (በካሴቱ ውስጥ ባለው የማስቀመጫ ሜሞሪ) ከሆነ እዚህ ተቃራኒው ሕግ ነው፦ ባይት በባይት ብቻ ነው የሚነበበውና የሚጻፈው። የሥዕሉን ሜሞሪ ሕግ ለምዶ እዚህ በሁለት ባይት የጻፈ ሰው ግማሹ ጠፍቶ ያገኘዋል። ብዙ ኢሙሌተሮችና ፍላሽ ካሴቶች የማስቀመጫውን ዓይነት የሚያውቁት ጌሙ ፋይል ውስጥ ያለችን አንዲት አጭር ጽሑፍ ፈልገው ነው። ኮምፓይለሩ «ማንም አይጠቀምባትም» ብሎ ከሰረዛት ሁሉም ነገር ተቀመጠ ብሎ ምንም አይቀመጥም፤ እንዳትሰረዝ ምልክት ይደረግባት።

የ2001ዱ ማሽን ደግሞ መብራት የለውም። በኮምፒውተር ላይ ያማረ የሌሊት ትዕይንት እዚያ ላይ ጥቁር ጨርቅ ነው። የፊት መብራት የመጣው በ2003 በጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ ነው። ጀግናውን ከጀርባው በደማቅ የአንድ ፒክሰል ጠርዝ ለዩት፣ የጀርባውንም ጥቁር ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ከፍ አድርጉት። ከዚያ ማሽኑን ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ተቀመጡና ጉሬዛን ግድግዳ ላይ ለጥፏት፤ ጅራቷ ከድንጋዩ ተለይቶ ካልታየ ቀለሙ ገና ነው።